የጦር ማዕረጉን በገንዘብ የገዛው የካርዲጋን አርል፦ ለባላክላቫ እልቂት ተጠያቂው እሱ ነው ወይስ የሾመው ሥርዓት?

ብራና (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ከዚህ ቀደም ስለ ክራይሚያ ጦርነት ስንወያይ የሰባተኛው የካርዲጋን አርል (አርል የእንግሊዝ መኳንንት ማዕረግ ነው) የጄምስ ብሩደኔል ስም ተነሥቶ፣ «ፈረሰኛውን በከንቱ ያስፈጀ ጅል ባላባት» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ታልፎ ነበር። ፍርዱ የብዙዎች ፍርድ ነው፤ ለእኔ ግን ክሱ የተመሠረተው በተሳሳተው ቀን ላይ ይመስለኛል። ሰውየው ኦክቶበር 25 ቀን 1854 በክራይሚያ በባላክላቫ ሸለቆ ብርጌዱን ወደ ሩስያ መድፎች እየመራ ስለጋለበባቸው ሃያ ያህል ደቂቃዎች ከሚወቀስ ይልቅ፣ ከዚያ በፊት ስለነበሩት ሃያ ዓመታት ቢወቀስ ይሻላል፤ ከእሱም በላይ እነዚያን ዓመታት እያየ ብርጌድ ያስረከበው ሥርዓት ሊወቀስ ይገባል። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ብሩደኔል በ1797 ተወለደ፤ በእኅቶች መካከል ያደገ ብቸኛ ወንድ ልጅ ነበር። የቤተሰቡ ርስት ዛሬም ድረስ በኖርዝሃምፕተንሻየር ያለው ዲን ፓርክ ነው። ሃሮው ተማረ፤ ኦክስፎርድ ገብቶ ያለ ዲግሪ ወጣ፤ ገና በሃያ ዓመቱ ዘመዱ በሚያዝበት የማርልቦሮ ወንበር ፓርላማ ገባ። ወደ ጦር ሠራዊት የገባው ግን ዘግይቶ በ1824 ነው፤ በስምንተኛው ሁሳር (ቀላል ፈረሰኛ) ሬጅመንት ኮርኔት፣ ማለትም በፈረሰኛው ጦር የመጨረሻው ዝቅተኛ መኮንን ሆኖ ጀመረ። በ1830 መጨረሻ ሌተና ኮሎኔል ነበር። ስድስት ዓመት ተኩል በፈጀው በዚህ ጉዞ አንድ ጥይት ሲተኮስበት አላየም፤ ደረጃዎቹን የወጣቸው በጦር ሜዳ ሥራ ሳይሆን በዋጋ ነበርና።

በ1832 የአሥራ አምስተኛው ሁሳር ሬጅመንት አዛዥ ሆነ። በፈረሰኛው ጦር የሌተና ኮሎኔልነት ሕጋዊ ዋጋ 6,175 ፓውንድ ሲሆን፣ እሱ ለዚህ ሬጅመንት የዚያን አምስትና ስድስት እጥፍ እንደከፈለ በዘመኑ ይወራ ነበር። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የሰውየው ጠባይ በግልጽ የታየው። ኦገስተስ ዋተን ከሚባል ሻምበል ጋር በወታደሮች ልብስ ወጪ ጉዳይ ተጋጨና በጦር ፍርድ ቤት አስከሰሰው። አየርላንድ ውስጥ ኮርክ ላይ በተሰየመው ችሎት የታወቀው ነገር፣ አዛዡ ከመኮንኖቹ ጋር የሚያደርገውን ንግግር እነሱ ሳያውቁ በጽሑፍ ሲያስይዝ መቆየቱ ነበር። ዋተን በ1834 መጀመሪያ በነጻ ተሰናበተ፤ ችሎቱ የከሳሹን አድራጎት ነቀፈ፤ ብሩደኔልም ከአዛዥነቱ ተነሣ።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሣ አይኖርም ነበር። ነገር ግን እኅቱ ያገባችው ሎርድ ሃው በንግሥት አደላይድ ቤት ባለሟል ነበር፤ አባቱም አርል ነው። በ1836፣ ከተባረረ ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ የአሥራ አንደኛው የቀላል ፈረሰኛ ሬጅመንት አዛዥ ሆኖ ተሾመ። ሬጅመንቱ ያን ጊዜ ሕንድ ነበር፤ ሄዶ ደረሰበት፤ በ1838 ተመልሰው እንግሊዝ ገቡ። እሱም በዚያው መካከል በ1837 አባቱን ወርሶ የካርዲጋን አርል ሆነ። እኔ ከባላክላቫ ይልቅ የምቆጥረው ይህን ሹመት ነው። ፍርድ ቤት የነቀፈውን አዛዥ መልሶ የሾመ ሠራዊት፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ እያወቀ ነው የገባበት። እናንተስ እንዴት ታዩታላችሁ?

ጡረተኛው ሻምበል

ወንድሜ ብራና፣ ስለ ሰውየው ጠባይ አልከራከርህም። የባላክላቫውን ቀን ግን ከእሱ ጫንቃ ላይ ሙሉ በሙሉ ሳናወርድ አንቀጥል። እኔ በውትድርና ዘመኔ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ከፍታ ላይ ቆሞ የተጻፈ ትእዛዝ ሸለቆ ውስጥ ሲነበብ ሌላ ነገር እንደሚሆን ነው፤ የዚያን ዕለት የሆነውም ይኸው ነው።

ጠቅላይ አዛዡ ሎርድ ራግላን ቆሞ የነበረው በሳፑን ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ሆኖ ሲያይ፣ ሩስያውያን ጠዋት ከቱርክ ወታደሮች ምሽግ የነጠቋቸውን መድፎች ሊጎትቱ ሲሰናዱ ታየው። ፈረሰኛው ፈጥኖ ወደፊት እንዲሄድ፣ ጠላትን እንዲከተልና መድፎቹን እንዳይወስድ እንዲከለክል የሚል ወረቀት አስጽፎ በሻምበል ሉዊስ ኖላን እጅ ላከ። «የትኞቹን መድፎች» አይልም። ወረቀቱ የደረሰው የፈረሰኛ ክፍለ ጦሩ አዛዥ ሎርድ ሉካን ከታች ቆሞ ያ ምሽግ አይታየውም። የትኛው ጠላት፣ የትኛው መድፍ ብሎ ሲጠይቅ ኖላን እጁን ወርወር አድርጎ «ጠላትዎ ያውልዎት፣ መድፎቹም ያውልዎት» የሚል ዓይነት መልስ ሰጠ ይባላል። እጁ የጠቆመው፣ ወይም ሉካን የጠቆመ የመሰለው፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሸለቆው ጫፍ ላይ ወደ ተደረደረው የሩስያ ባትሪ ነበር።

ሉካን ይህን ይዞ ወደ ካርዲጋን ሄደ። ካርዲጋን ተቃውሞውን ተናግሯል፤ ፊት ለፊት ባትሪ እንዳለ፣ በግራና በቀኝ ኮረብታዎችም መድፍና ተኳሾች እንዳሉ አመለከተ። የተሰጠው መልስ «አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሎርድ ራግላን ይህን ይፈልጋል» የሚል ነበር። ከዚህ በኋላ አንድ የብርጌድ አዛዥ ምን ያድርግ? 670 ያህል ፈረሰኛ አሰልፎ፣ ራሱ ከሁሉም ፊት ብቻውን ቀድሞ፣ በሮናልድ ዳማ ፈረሱ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ገባበት። ኖላን ገና ከጅምሩ ከፊቱ አቋርጦ ሲጋልብ በመድፍ ፍንጣሪ ሲወድቅ እንኳ ወደ ኋላ ዞሮ አላየም። ከኋላው ያለው መስመር እንዳይበተን ርምጃውን ይዞ ሄደ፤ መድፎቹ ጋ ከደረሱት የመጀመሪያው እሱ ነው። በዚያ እሳት ውስጥ ፈረስን መግታት ከማስጋለብ ይከብዳል፤ ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ወደ 110 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ቁስለኛው ከዚያ ይበልጣል፤ ከ350 በላይ ፈረሶች አለቁ። ይህ የትእዛዝ ጉድለት ነው። ካርዲጋን በጀግንነት አልታማም።

ወለተ ታሪክ

ሻምበል፣ ጀግንነቱን እኔም አልክድም። እርስዎ የዘለሉት አንድ ሰዓት ግን አለ፤ የእኔም ክስ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ጋለባ በፊት በዚያው ጠዋት በጄኔራል ስካርሌት የሚመራው የከባድ ፈረሰኛ ብርጌድ ከቁጥሩ የሚበልጠውን የሩስያ ፈረሰኛ ሽቅብ ገጥሞ ሲመታውና ሲያባርረው፣ የካርዲጋን ብርጌድ ከጎን ቆሞ ይመለከት ነበር። የአሥራ ሰባተኛው የጦረኞች (ረጅም ጦር የያዙ ፈረሰኞች) ሬጅመንት አዛዥ ሻምበል ዊልያም ሞሪስ ጠላት ሲበተን እንከተለው ብሎ ለመነው፤ ካርዲጋን ግን ቦታህን አትልቀቅ ተብያለሁ ብሎ ከለከለ። ሞሪስ በሕንድ ጦርነቶች የተፈተነ ሰው ነበር፤ ካርዲጋን በበኩሉ በሃምሳ ሰባት ዓመቱ የፈረሰኛ ውጊያ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ነገሩ ድንገተኛ አይደለም፤ ሕንድ ያገለገሉ መኮንኖችን መናቅ የቆየ ልማዱ ነበርና።

ብራና ያላነሣውን፣ የካርዲጋን ሬጅመንት እንግሊዝ ውስጥ ካንተርበሪ የሰፈረበትን ዘመን ላክልበት። በ1840 ሬጅመንቱ ለንግሥት ቪክቶሪያ ሠርግ የመጣውን ልዑል አልበርትን ከዶቨር አጅቦ ስላስገባ የልዑሉ ስም ተሰጠው፤ ስሙም አሥራ አንደኛው ሁሳር ሆነ። ካርዲጋን ከኪሱ እያወጣ ወታደሮቹን ደማቅ ቀይ ሱሪ አለበሳቸው። ጠባብ ነው፣ ያማረ ነው፣ ለሰልፍ የተሠራ ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ በመኮንኖች ክበብ ግብር ተጥሎ ሳለ፣ አንድ እንግዳ የሞዜል ወይን ይምጣልኝ ብሎ ጠየቀና ወይኑ በጥቁር ጠርሙሱ እንዳለ ወደ ሻምበል ጆን ሬይኖልድስ ፊት ቀረበ። ካርዲጋን ከሩቅ አይቶ ፖርተር ቢራ መሰለው፤ ያን መጠጥ ደግሞ የሕንድ መኮንኖች የተራ ሰው ልማድ ነው ብሎ ይጸየፈው ነበር። በማግስቱ የክበቡ ማዕድ የጨዋ ሰው ገበታ እንጂ የመሸታ ቤት አይደለም የሚል ተግሣጽ ላከ፤ ሬይኖልድስ ሲከራከር አሰረው። ጠጅ በብርሌ ፈንታ በቢራ ጠርሙስ ቀረበ ተብሎ ሻምበል ሲታሰር አስቡት። ጋዜጦቹ ለወራት ተቀባበሉት፤ ካርዲጋን ቲያትር ቤት ሲገባ ሕዝብ «ጥቁር ጠርሙስ!» እያለ ይጮህበት ጀመር።

ከሬጅመንቱ የለቀቀው ሻምበል ሃርቪ ታኬት በጋዜጣ ደብዳቤ አሳትሞ ወረፈው። ሴፕቴምበር 12 ቀን 1840 በዊምብልደን ሜዳ፣ ነፋስ ወፍጮው አጠገብ፣ በሽጉጥ ተጋጠሙ። በሁለተኛው ተኩስ ታኬት ቆሰለ፤ የአካባቢው ኮንስታብል የሆነው ባለወፍጮው ሮጦ ደርሶ ሁለቱንም ያዛቸው። ካርዲጋን ከመኳንንቱ ወገን ስለሆነ የሚዳኘው በእኩዮቹ ነውና በፌብሩዋሪ 1841 በሎርዶች ምክር ቤት ፊት ቀረበ። እንዴት እንዳመለጠ ልንገራችሁ። ክሱ የተጻፈው «ሃርቪ ጋርኔት ፊፕስ ታኬት» በሚል ሙሉ ስም ሲሆን፣ በማስረጃነት የቀረበው የጉብኝት ካርድ የሚለው «ሻምበል ሃርቪ ታኬት» ብቻ ነው፤ ቆስሏል የተባለውና በክሱ የተጠቀሰው አንድ ሰው መሆናቸውን ዐቃቤ ሕጉ አላስመሰከረም ተባለ። መኳንንቱ በየተራ እየተነሡ በክብራቸው ምለው ጥፋተኛ አይደለም አሉ። አንዱ፣ የክሊቭላንድ መስፍን፣ «በሕግ አነጋገር ጥፋተኛ አይደለም» ብሎ ቃሉን ለይቶ ሰጠ፤ ከሁሉ የእሱን መሐላ እወዳለሁ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ፋሲካ ሆነ። በትንሣኤው እሑድ፣ የጸሎቱ ሥነ ሥርዓት እንዳበቃ፣ አንድ ወታደር ሬጅመንቱ በተሰለፈበት አስገረፈ። ጉዳዩ ፓርላማ ደረሰ። ከአዛዥነቱ ግን ያነሣው የለም።

አዲስ አንባቢ

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ግልጽ አልሆነልኝም። ማዕረግ የሚገዛው ከማን ነው? ገንዘቡ የመንግሥት ገቢ ነበር ወይስ ጉቦ? ሁሉም መኮንን እንዲህ ነበር?

ብራና

ጉቦ አልነበረም፤ በንጉሡ ደንብ የተወሰነ ሕጋዊ ሽያጭ ነበር። አንድ ወጣት በእግረኛ ጦር የመጨረሻውን የመኮንንነት ደረጃ በ450 ፓውንድ፣ በፈረሰኛው ደግሞ በ840 ፓውንድ ይገዛል። ከበላዩ ያለው ሲለቅ፣ ተራው የደረሰውና ገንዘብ ያለው ልዩነቱን ከፍሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ለቃቂው የከፈለውን ይዞ ይሄዳል፤ ጡረታው ያ ነው ማለት ነው። በተራ የሚቀድም ድሃ መኮንን መክፈል ካልቻለ ከበታቹ ያለው ይዘለዋል። ከተወሰነው ዋጋ በላይ መክፈል በወረቀት የተከለከለ ቢሆንም በወኪሎች በኩል በገሃድ ይሠራ ነበር። መድፈኛውና መሐንዲሱ ጦር ግን ከዚህ ውጪ ነው፤ እዚያ ስሌት የማያውቅ ሰው ስለማይሠራ ማዕረጉ በትምህርትና በአገልግሎት ዘመን ነበር። በሕንድ ኩባንያ ሠራዊትም እንዲሁ።

ሥርዓቱ ደጋፊ አልነበረውም ማለት አይደለም። ክሮምዌል በሠራዊት ኀይል አገር የገዛበትን ዘመን ያልረሱ እንግሊዛውያን፣ ጦሩ ርስት ባላቸው ሰዎች እጅ ከሆነ መንግሥት አይገለብጥም ብለው ያምኑ ነበር። መከራከሪያው ፈጽሞ ባዶ ነው አልልም። ነገር ግን በጦርነት የሞተ መኮንን ገንዘቡ ለቤተሰቡ አይመለስም ነበርና፣ ሥርዓቱ ከሁሉ ይልቅ የጠቀመው በሰላም ጊዜ ገዝቶ በሰላም ጊዜ የሚሸጠውን ነው። ካርዲጋን ለዚህ ከሁሉ የተመቸ ሰው ነበር፤ እንደ ሞሪስ ያለው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ዕድሜውን ከእሱ በታች ሆኖ ትእዛዝ ሲጠብቅ ይኖራል።

የቋራው

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ወደ እኛ አገር የሚመጣ አንድ ክር አለ። በአሥራ አንደኛው ሁሳር ውስጥ አሌክሳንደር ደን የሚባል፣ ቶሮንቶ የተወለደ ወጣት ሌተና ነበር። በዚያ ጋለባ መመለሻ ላይ አንድ ሳጅን ከኋላው በሩስያ ጦረኞች ተከብቦ ሊወጋ ሲል ፈረሱን መልሶ ሁለት ሦስቱን በጎራዴ ጣለና አዳነው፤ ቀጥሎም ሌላ ወታደር ታደገ። የቪክቶሪያ መስቀል በ1856 ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች አንዱ ሆነ። ይኸው ሰው በ1868 የሠላሳ ሦስተኛው እግረኛ ሬጅመንት አዛዥ ኮሎኔል ሆኖ ከጄኔራል ናፒየር ጋር በዙላ በኩል ወጣ። ጃንዋሪ 25 ቀን ሰንዓፌ አጠገብ ለአደን እንደወጣ በገዛ ጠመንጃው ተመትቶ ሞተ፤ መቃብሩ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ በሆነችው በሰንዓፌ ይገኛል። የእሱ ሬጅመንት ወታደሮች የነበሩት በርጊንና ማግነር ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ አምባ ላይ አጥሩን ቀድመው ዘልለው ያንኑ መስቀል ተሸልመዋል።

ናፒየርን ያነሣሁት ያለምክንያት አይደለም። እሱ የቤንጋል መሐንዲስ መኮንን ነበር፤ ማዕረጉን በገንዘብ አልገዛም፤ ካርዲጋን «የሕንድ መኮንን» እያለ ይንቃቸው ከነበሩት ወገን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን የገጠመው ጦር በባላክላቫ ከታየው ጦር በብዙ ተለይቶ ወደብ ሠርቶ፣ ሐዲድ ዘርግቶ፣ ስንቅና ውኃ አስልቶ የመጣ መሆኑ ለእኛ ደስ የሚያሰኝ አይደለም፤ ልዩነቱን ግን ያስረዳል።

ጡረተኛው ሻምበል

የደንን ታሪክ ስለጨመርክ አመሰግናለሁ፤ ወደ ካርዲጋን ልመልሰው። እህቴ ወለተ ታሪክ ስለ ሞሪስ ያለችው ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ደግሞ እኔው ራሴ በእሱ ላይ ልመስክር። መድፎቹ ጋ ከደረሰ በኋላ የአዛዥነት ሥራው ያን ጊዜ ነበር የሚጀምረው። ሁለተኛውና ሦስተኛው መስመር ገና ሲደርስ፣ ሰው ሰብስቦ የሚያሰልፍ አዛዥ ሲፈለግ፣ እሱ ከጥቂት ኮሳኮች ተላቅቆ ወደ ኋላ ተመልሷል። ሎርድ ጆርጅ ፓጄትና ሌሎቹ መኮንኖች የተረፈውን ሰብስበው በራሳቸው ነው ያወጡት፤ ፓጄት ይህን ይቅር አላለውም። የካርዲጋን መልስ፣ ጄኔራል እንደ ተራ ወታደር ከጠላት ጋር በጎራዴ መሞሻለቅ ሥራው አይደለም የሚል ነበር። እንደ ደረሰም መጀመሪያ ያነሣው ቅሬታ ኖላን ከፊቴ አቋርጦ ጋለበ የሚል ሲሆን፣ ስካርሌት ሬሳውን ልትረግጠው ምንም አልቀረህም ብሎ አስቆመው።

ማታ ወደ መርከቡ ሄዶ አደረ። ድርያድ የምትባል የግል የመዝናኛ መርከቡ በባላክላቫ ወደብ ቆማ ነበር፤ ብርጌዱ በጭቃ ውስጥ በድንኳን ሲያድር እሱ በላዩዋ ራት በልቶ ይተኛ ነበር። ይህን የሚያህል ልዩነት ወታደር አይረሳም።

ወለተ ታሪክ

ስለዚህ ሻምበል፣ እርስዎና እኔ እየተቀራረብን ነው። የሉካን ነገር ግን ሳይነሣ እንዳይቀር። የካርዲጋንን እኅት አግብቶ ከእሷ ጋር የተለያየ ሰው ነው፤ ሁለቱ አማቾች ለዓመታት ተቀያይመው ነበር። አንዱን የሌላው የበላይ አድርጎ ወደ ጦርነት መላክ፣ ለንደን ውስጥ ሁሉም የሚያውቀውን ጠብ ከነሕይወቱ ክራይሚያ ማውረድ ነበር። ያን ዕለት ሁለቱ ፊት ለፊት ተገናኝተው ወረቀቱን ሲመካከሩ የትእዛዙን ትርጉም በጥሞና የሚመረምር ወዳጅነት አልነበራቸውም።

ብራና

ይህ ነጥብ የክሬን ሐሳብ ያጠናክርልኛል እንጂ አያፈርሰውም፤ ሁለቱንም ያስቀመጣቸው ያው ሥርዓት ነው። የመጨረሻ ዘመኑንም ልንገራችሁና አዲስ አንባቢ በውስጥ መልእክት ለጠየቀኝ ጥያቄ እመልሳለሁ።

ካርዲጋን ታምሜአለሁ ብሎ በ1854 ዲሴምበር ክራይሚያን ለቆ ወጣ፤ እንግሊዝ ሲደርስ ያ ሲጮህበት የነበረ ሕዝብ በእልልታ ተቀበለው። ዊንድዘር ቤተ መንግሥት ከንግሥቲቱ ጋር ራት በላ፤ የፈረሰኛ ጦር ዋና ኢንስፔክተር ሆኖ እስከ 1860 ቆየ። የአድናቆቱ ወራት ካለፈ በኋላ የራግላን ዘመድና አጃቢ መኮንን የነበረው ሶመርሴት ካልቶርፕ መድፎቹ ጋ እንኳ አልደረሰም ብሎ ጻፈበት። ካርዲጋን በ1863 ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። ጉዳዩን ዘግይተህ አመጣህ ተብሎ ክሱ ውድቅ ሆነ፤ በምስክሮቹ ቃል ግን መድፎቹ ጋ መድረሱ ተረጋገጠ። ማርች 28 ቀን 1868 በዲን ፓርክ ከፈረስ ወድቆ ሞተ፤ ደን ሰንዓፌ ከተቀበረ ሁለት ወር፣ መቅደላ ሊያዝ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው መሆኑ ነው። ወራሽ ልጅ ስላልነበረው ማዕረጉ ወደ ዘመዱ ወደ አይልስበሪ ማርኪስ ተላለፈ።

ጥያቄው፣ ሽያጩ መቼ ቀረ የሚል ነበር። የጦር ሚኒስትሩ ኤድዋርድ ካርድዌል በ1871 ሕግ ይዞ ቀረበ፤ የሎርዶች ምክር ቤት አዘገየው፤ መንግሥትም ንግሥቲቱን አስፈርሞ በንጉሣዊ ዐዋጅ ከኖቬምበር 1 ቀን ጀምሮ ሻረው፤ መኮንኖቹም ለከፈሉት ገንዘብ ካሣ ተሰጣቸው። ሉካን ከባላክላቫ በኋላ ዳግመኛ ጦር አዝምቶ አያውቅም፤ በ1887 ግን ፊልድ ማርሻል አድርገውታል።